ቃጫ ከሲሚንቶ ጋር እንዲኖር

የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሙከራ የሞርታር (የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ድብልቅ) ዘንጎች ከቅርጻቸው ያወጣኋቸው በማግስቱ ጠዋት ነበር፤ ማውጣት ከተባለ። የብረት ቅርጹን ብሎን ስፈታ አንደኛው ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለተኛውን በጣቴ ስነካው እንደ እርጥብ ስኳር ተናደ፤ ሦስተኛውን ሳልነካው ተውኩት። ሲሚንቶው በመጋዘኑ ካለው ሁሉ አዲሱ ነበር፣ አሸዋው ታጥቧል፣ ውሃውም በሚዛን ተለክቷል። በመደበኛው አሠራር 450 ግራም ሲሚንቶ፣ 1350 ግራም አሸዋና 225 ግራም ውሃ ተደባልቆ 40 በ40 በ160 ሚሊሜትር የሆኑ ሦስት ዘንጎች ይወጡታል። እኔ በዚህ ላይ የጨመርኩት ከሲሚንቶው ክብደት አንድ በመቶ፣ ማለትም 4.5 ግራም የእንሰት ቃጫ ብቻ ነው። አንድ እፍኝ የማይሞላ ቃጫ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ሲሚንቶ እንዳይይዝ ማድረጉን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ከላብራቶሪው ጋር አብረው ያረጁት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን ከፍርስራሹ ቆንጠር አድርገው አነሱና አሸተቱት። «ይሄ ገና ቆጮ ቆጮ ይላል» አሉኝ። «አጥቤዋለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

አጥቤው ነበር፤ በቧንቧ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ። ያላወቅኩት ነገር በቃጫው ላይ የቀረው የእንሰቱ ስታርችና ስኳር በቀላል እጥበት የማይለቅ መሆኑን፣ እሱ ቢለቅ እንኳ ቃጫው ራሱ ሲሚንቶ ውስጥ ከገባ በኋላ ስኳር መሰል ነገሮችን መልቀቁን የሚቀጥል መሆኑን ነው። ስኳር ደግሞ ከሲሚንቶ ጋር አይስማማም። ከሲሚንቶው ክብደት 0.05 በመቶ የሚሆን ስኳር የመያዣ ጊዜውን በሰዓታት ያዘገየዋል፤ ወደ አንድ በመቶ ሲጠጋ ጨርሶ እንዳይጠና ሊያደርገው ይችላል። ኮንክሪት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ማደባለቂያው ውስጥ ስኳር የሚጨመረውም ለዚሁ ነው፤ ጭነቱ በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ከሚቀር እንዲዘገይ ይደረጋል። እኔ ሳላውቀው ያንኑ ማድረጌ ነበር።

በዚህ ነገር ማፈሬ አልቀረም፤ ምክንያቱም እንሰት ሲፋቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። አያቴ የእንሰቱን ግንድ ገላልጠው አንዱን ሽፋን በተጋደመ ጣውላ ላይ ዘርግተው በእግራቸው ጫፉን ይይዙና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፍቁት ነበር። ነጩ ሥጋ ከሥር ተከምሮ ቆጮ ይሆናል፤ ከሱ የተጨመቀው ፈሳሽ ሲዘቅጥ ቡላ ይሆናል፤ እጃቸው ላይ የሚቀረው ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ ጭራ ደግሞ ቃጫ ነው። ቃጫው በጥላ ይሰቀላል፤ ከዚያ ገመድ ወይም የቆጮ ማጥለያ ይሆናል፣ የቀረውም ለገበያ ይወጣል። አያቴ የዕፅዋት ክር ስለሚሠራበት ሴሉሎስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ተደጋግሞ ያልተፋቀ ቃጫ ቶሎ እንደሚበሰብስና ምስጥ እንደሚወደው ያውቁ ነበር። ቀሪው ሥጋ ስኳር መሆኑን እኔ ያወቅኩት ሦስት ዘንግ ከፈረሰብኝ በኋላ ነው።

ለምን ቃጫ ወደ ሲሚንቶ እንደሚገባ ባጭሩ ልበል። ሲሚንቶ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን አይችልም፤ አንዴ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ሳይቆም ይሄዳል። በትልቁ ሥራ ይህን ችግር የሚፈታው ፌሮ ነው፤ ፌሮ በማይገባበት ስስ የሲሚንቶ ጣሪያ፣ ሰሌዳና ቧንቧ ግን ስንጥቁን የሚያስር ደቃቅ ክር ያስፈልጋል። ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃትሼክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ከድንጋይ የሚወጣውን ክር፣ አስቤስቶስን፣ ከሲሚንቶ ጋር አጣምሮ ስስ ሰሌዳ የሚያመርት ስልት ካወጣ በኋላ የዚያ ክር ሥራ ለረጅም ዘመን የአስቤስቶስ ሆኖ ቆየ። አስቤስቶስ ሳንባን እንደሚገድል ከታወቀና አገሮች አንድ በአንድ ካገዱት በኋላ (የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉ በሙሉ አግዷል) ክፍት የቀረውን ቦታ ማን ይሙላው የሚለው ጥያቄ ወደ ዕፅዋት ቃጫ መራን። ቃጫ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በየዓመቱ ይበቅላል። ለእኛ ደግሞ የምግባችን ተረፈ ምርት ነው።

ስለዚህ ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ጀመርኩ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳሙና የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የያዝኩት ያኔ ነበር። አምስት በመቶ ለማድረግ 50 ግራሙን ፍሬ 950 ግራም ውሃ ውስጥ በትንሽ በትንሹ መጨመር ይበቃል። ሶዳውን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳ መጨመር ክልክል ነው፤ ሲሟሟ የሚያወጣው ሙቀት ውሃውን አፍልቶ ፊት ላይ ሊረጨው ይችላልና። ይህን አውቅ ስለነበር ጓንትና መነጽር አድርጌ በጥንቃቄ አሟሟሁ፤ ከዚያ ቃጫው ተዘርግቶ እንዲገባበት ብዬ ፈሳሹን ወደ ሰፊ ሳፋ ገለበጥኩት። ሳፋው አሉሚኒየም ነበር።

ለጥቂት ሰከንድ ምንም አልሆነም። ከዚያ የሳፋው ወለል በደቃቅ አረፋ ተሸፈነ፣ አረፋው በዛ፣ ፈሳሹ እንደሚፈላ ውሃ መንተክተክ ጀመረ፣ ሳፋውም እያየሁት ጠቆረ። ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላው የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው። በመስኮቱ አጠገብ ስለነበርኩና በአካባቢው እሳት ስላልነበረ አመሰግናለሁ። ጋሼ የጠቆረውን ሳፋ ከታጠበ በኋላ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር እየጠቆሙ የሚያስተምሩበት ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ፕላስቲክ ባልዲ ነው የምጠቀመው።

በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ የሚሆነው ነገር ግን ለማየት የሚያስደስት ነው። ቃጫው ገና ሲነከር ፈሳሹ ፈዛዛ ሻይ ይመስላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጠቁራል፤ ሲያድር የቡና አተላ ይሆናል። ቀለሙ የሚነግረን ምን እየወጣ እንደሆነ ነው። አንድ ቃጫ በዓይን አንድ ክር ቢመስልም በውስጡ ብዙ ደቃቅ ሴሎች ጎን ለጎን ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው ሴሉሎስ ሲሆን ሴሎቹን እንደ ሙጫ የሚያጣብቋቸው ሊግኒን፣ ሄሚሴሉሎስና ፔክቲን ናቸው፤ ላዩን ደግሞ ሰም ይሸፍነዋል። ሶዳው መጀመሪያ ሰሙን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ቃጫው በጓንት ሲይዙት የሚያሟልጨው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ሄሚሴሉሎሱንና የሊግኒኑን ከፊል ያሟሟል። ሙጫው ሲሳሳ ወፍራሙ ክር ወደ ቀጫጭን ክሮች ይሰነጠቃል፣ ለስላሳው ገጽ ይሻክራል፣ ለሲሚንቶው የሚይዝበት ቦታ ይከፈታል። ሲሚንቶውን የሚያዘገየውም አብሮ ይታጠባል። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር እ.ኤ.አ. በ1850 ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ የማከም ስልቱን በስሙ ሲያስመዘግብ የፈለገው ጨርቁ እንዲጠነክርና ቀለም እንዲይዝ ነበር፤ እኛ ያንን ሥራ ከሸማኔው ቤት ወደ ግንበኛው ቤት ማምጣታችን ነው።

ከዚያ እጥበቱ ይመጣል፤ ትዕግሥት የሚፈልገውም እሱ ነው። ቃጫው ንጹሕ ውሃ ይቀየርለታል፣ ይጨመቃል፣ እንደገና ይቀየርለታል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት የኮምጣጤ አሲድ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ይገባና የፒኤች (የአሲድነትና የሶዳነት መለኪያ) ወረቀቱ ሰባት፣ ማለትም ገለልተኛ፣ እስኪያሳይ ይቀጥላል። በጥላ ይደርቃል። ሲደርቅ እጅ ላይ የሚሰጠው ስሜት ይለያል፤ ያልታከመው እንደ ፀጉር ይንሸራተታል፣ የታከመው ጣት ላይ ይቀረቀራል። በታከመው የሠራሁት ዘንግ በማግስቱ ከቅርጹ ድንጋይ ሆኖ ወጣ።

ሰው አንዴ ከቀናው መጠኑን ያበዛል። አምስት በመቶ ለአንድ ሰዓት ይህን ካደረገ፣ አሥር በመቶ ለረዘመ ጊዜ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ዓርብ ከሰዓት ነከርኩት፤ ቅዳሜ የዘመድ ሠርግ ነበረ፣ እሑድ መልስ ነበረ፣ ባልዲውን የከፈትኩት ሰኞ ነው። ቃጫው ነጣ ብሎ፣ ለስልሶ፣ የተነደፈ ጥጥ መስሎ አገኘሁት። ደስ አለኝ። ካደረቅኩት በኋላ አንዱን ክር በሁለት እጄ ይዤ ስስበው ግን ያለ ምንም ትግል ተበጠሰ። ሙጫውን ከሚገባው በላይ ስላወጣሁት ሴሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት አልቀረም፤ ሶዳው ከዚያ አልፎ ሸክም ተሸካሚውን ሴሉሎስ ራሱን መንካት ጀምሯል። ማከምና ማበላሸት የሚለዩት በመጠንና በሰዓት ብቻ ነው።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። ዘንጎቹ 28 ቀን ውሃ ውስጥ ከቆዩ በኋላ በማሽን ከመሃላቸው ስጫናቸው በሶዳ የታከመ ቃጫ ያለው ዘንግ በሙቅ ውሃ ብቻ የታጠበ ቃጫ ካለው የበለጠ ጭነት ቻለ፤ ነገር ግን ከተሰነጠቀ በኋላ ቶሎ ተለያየ። በሙቅ ውሃ ብቻ የታጠበው ደግሞ የቻለው ጭነት ዝቅ ያለ ሆኖ፣ ከተሰነጠቀ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ ታገለ። ስብራቱን በማጉያ መነጽር ሳየው ምክንያቱ ገባኝ። በአንደኛው ክሮቹ ከሞርታሩ ፊት ጋር እኩል ተቆርጠዋል። በሌላኛው ከውስጥ እየተጎተቱ ስለወጡ ስብራቱ እንደ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፀጉራም ነበር። ክሩ አጥብቆ ከተያዘ መጎተት አይችልምና ይበጠሳል፤ ላላ ብሎ ከተያዘ እየተፋተገ ይወጣል፣ ያ ፍትጊያ ነው ሰሌዳውን ሳይፈርስ የሚያቆየው። ብዙ ሰው ሕክምናው የተሳካ መሆኑን የሚለካው ቃጫው ምን ያህል እንደተጣበቀ በማየት ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ መጣበቅ ከልክ ሲያልፍ እንደ ጉድለት አየዋለሁ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ረስቼው የነበረው ነገር ነው። ከመጀመሪያው የተሳካ ድብልቅ የተረፉ ጥቂት ዘንጎች የሕንፃው ጣሪያ ላይ ቀርተው ነበር። አንድ ሙሉ ክረምት ዝናብ ወርዶባቸዋል፣ አንድ ሙሉ በጋ ፀሐይ ወጥቶባቸዋል። ሳወርዳቸው ከላይ ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ ማሽኑ ላይ ስጭናቸው እንደ ብስኩት ቀጭ ብለው ተሰበሩ። ስብራቱ ላይ የቆመ ፀጉር የለም። ቃጫው አልጠፋም፣ በቦታው አለ፤ ነገር ግን በወረንጦ አውጥቼ ሳጥፈው እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረ።

ይህን ስዊድናዊው ሃንስ ኤሪክ ግራም እ.ኤ.አ. በ1983 በደንብ አስረድቶታል። በሲሚንቶ ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች የሚቀመጠው ውሃ ፒኤቹ ከ12.5 በላይ ነው፤ ማለትም እኔ ባልዲ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያደረግኩትን ሲሚንቶው በዝግታ ለዓመታት ይቀጥልበታል። ሊግኒኑንና ሄሚሴሉሎሱን ቀስ እያለ ያወጣል፣ ሴሎቹን ያላቅቃል። ከዚያም በላይ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሲሚንቶው ሲጠና የሚለቀው ኖራ ሟሙቶ ወደ ቃጫው ባዶ ሆድ ይገባል፣ ፀሐይ ስታደርቀው እዚያው ይረጋል፤ ቃጫው ከውስጥ ወደ ድንጋይ ይለወጣል። ላዩን የሻከረና የተከፈተ ቃጫ ለሲሚንቶው መያዣ እንደሚሰጥ ሁሉ ለኖራውም በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በብዙ ታዳጊ አገሮች ለድሃ ቤት ተብሎ በሲሳል (እሬት መሰል ተክል) ቃጫ የተሠራው የሲሚንቶ ጣሪያ በጥቂት ዓመታት እየተሰነጠቀ ያሳፈረው ለዚሁ ነው፤ በኋላ ብዙዎቹ አምራቾች ቃጫውን ትተው ያለ ቃጫ ትንንሽ የሲሚንቶ ክዳን ወደ መሥራት ዞሩ።

ታዲያ የአባቶቻችን ጭቃ ቤት እንዴት ቆየ? ባለፈው ዓመት የአንድ ዘመዳችን አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከግድግዳው አንድ ጓል አንሥቼ ፈረካከስኩት። የጤፍ ጭዱ ቢጫነቱ ደብዝዟል እንጂ ሲታጠፍ ይታጠፋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለሳምንታት ሲቦካ የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ጭዱ ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ስኳሩ ተበልቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው ኖራ በሌለበት፣ ሶዳነቱ በማያቃጥል ደረቅ አፈር ውስጥ ነው። ውሃ የሚደርስበት የግድግዳው ግርጌ ላይ ያለው ጭድ ግን በስብሶ ነበር፤ ምስጥም አግኝቶታል። ጭቃ ቤቱን የማነሣው ለማወደስ አይደለም፤ ያው ጭድ በሁለት ቦታ ሁለት ዕድሜ እንደሚኖረው ስላሳየኝ ነው።

ስለዚህ አሁን የማምነው ቃጫውን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ መሆኑን ነው፤ የሚኖርበት ሲሚንቶም መታከም አለበት። ሲሚንቶ ውስጥ የሚጎዳው ነጻ ኖራ ስለሆነ ኖራውን የሚበላ ነገር መጨመር ይቻላል። ብራዚላዊው ሮሚልዶ ቶሌዶ ፊልዮና ባልደረቦቹ የሲሚንቶውን ግማሽ ያህል በተቃጠለ የሸክላ አፈር በመተካት የሲሳል ቃጫ ከብዙ የማርጠብና የማድረቅ ዙር በኋላም ሳይሰበር እንደሚቆይ አሳይተዋል። በእኛ ገበያ ያለው ፒፒሲ (ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ) ከስምጥ ሸለቆ በሚወጣ ፑሚስ፣ ማለትም በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የተደባለቀ ስለሆነ በዚህ በኩል ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ከኦፒሲ፣ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ፑሚሱ ኖራውን የሚበላው በዝግታ ነው፣ በከረጢቱ ውስጥ ያለው መጠንም ኖራውን ጨርሶ ለማጥፋት አይበቃም። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አስቤስቶስን የተካው የፋብሪካ ሰሌዳ ሁለቱንም አንድ ላይ ያደርጋል፤ ቃጫው እንደ ወረቀት ጥሬ ዕቃ ተቀቅሎ ሊግኒኑ አስቀድሞ ይወጣል፣ ሲሚንቶው ደግሞ ከደቃቅ ሲሊካ (ከተፈጨ አሸዋ) ጋር ተደባልቆ በከፍተኛ ግፊት እንፋሎት ስለሚበስል ነጻው ኖራ ያልቃል። ያንን ለማድረግ ግን የእንፋሎት ጋን ያለው ፋብሪካ ያስፈልጋል።

ስለ ሳይሌን፣ ስለ አሴቲክ አንሃይድራይድና ስለ ሌሎቹ ውድ ኬሚካሎች ብዙ አልልም። ይሠራሉ። ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ኬሚካል በነጻ የሚገኝ ቃጫ ላይ ስናፈስ ቃጫውን ለምን እንደመረጥነው ረስተናል። እኔን የሚማርከኝ ኬሚካል የማይፈልገው መንገድ ነው፤ ቃጫውን ደጋግሞ ማርጠብና ማድረቅ። በደረቀ ቁጥር የቃጫው ሴሎች ግድግዳ ላይ ያሉት ደቃቅ ቀዳዳዎች ይጣበቁና ዳግም ሙሉ በሙሉ አይከፈቱም፣ ስለዚህ ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያልታከመ ቃጫ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ውሃ ሊጠጣ ይችላል፣ በእርጥብ ሞርታር ውስጥ አብጦ ሲደርቅ ሲኮማተር ደግሞ በዙሪያው ክፍተት ይተዋል።

አንድ ቅሬታም አለኝ፣ በራሴው ላይ። ስለ ቃጫ ሕክምና ስንጽፍ ባልዲው ውስጥ ስለሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ አንጽፍም። አንድ ኪሎ ቃጫ በደንብ እንዲነከር ሃያ ሊትር ያህል የሶዳ ውሃ እጠቀም ነበር፤ የዚያን ሶዳነት በኮምጣጤ ማብረድ ከሶዳው ዋጋ በላይ ወጪ ያስወጣል፣ ሳያበርዱ ወደ ቦይ መድፋት ደግሞ ነውር ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም ደፍቻለሁ። አሁን ያንኑ ፈሳሽ ጥቂት ሶዳ እየጨመርኩለት ደጋግሜ እጠቀምበታለሁ፣ መጠኑንም ወደ ሁለት በመቶ አውርጃለሁ፣ ከሱ በፊት ቃጫውን በሙቅ ውሃ እቀቅለዋለሁ። የመጀመሪያውን ስኳር የሚያወጣው ሙቅ ውሃው ስለሆነ ለሶዳው የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው።

የ28 ቀን ውጤት ብቻ ይዞ የሚመጣ ጽሑፍ ሳነብ አሁን ወዲያው የምጠይቀው የቀሩት ዘንጎች የት እንዳሉ ነው። የእኔዎቹ ጣሪያው ላይ ናቸው፤ ስድስት፣ በፒፒሲና በተፈጨ ፑሚስ የተሠሩ፣ በሙቅ ውሃ የተቀቀለና በሁለት በመቶ ሶዳ ለአርባ ደቂቃ የታጠበ ቃጫ ያለባቸው። ሁለተኛ ክረምታቸውን እየጨረሱ ነው። ሦስቱን መስከረም ሲጠባ እሰብራቸዋለሁ፣ ሦስቱን ለከርሞ አቆያቸዋለሁ።